የላንጌ ኮረብታዎች ወይን ጠጅ፦ ከዶልቼቶ ተነስቶ እስከ ባሮሎ

የጣሊያንን ወይን ጠጅ ልወቅ ብሎ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ባሮሎ ነው። ስሙ ትልቅ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ጠርሙሱን ይከፍታል፣ ወዲያው ይቀዳል፣ ይጎነጫል። አፉ ይደርቃል። ድዱ ጭምድድ ይላል። ሽታውም ገና አልወጣም። ከዚያ በኋላ ባሮሎ ሲባል ፊቱን ያዞራል።

በጣም ያሳዝነኛል። ባሮሎ የሚበቅልበት አገር፣ ላንጌ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረጃ በደረጃ የሚወስድ ወይን አለው። የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው በየቀኑ ባሮሎ አይጠጡም። ለአዘቦት ምሳ ዶልቼቶ ወይም ባርቤራ ይከፈታል፤ ባሮሎ የእሁድና የበዓል ነው። እኛም በዚያው ቅደም ተከተል እንሂድ።

የሚያስፈልገው ስድስት ሰባት ጠርሙስ፣ አብረው የሚቀምሱ ሁለት ሦስት ጓደኞችና አንድ ማስታወሻ ደብተር ነው። አትቸኩሉ፤ ጥቂት ወራት ስጡት። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኳቸው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

1. መጀመሪያ ካርታውን ያዙ

ላንጌ ያለው በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒየሞንቴ ክልል ነው። የክልሉ ዋና ከተማ ቶሪኖ ነው። ከቶሪኖ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስትሄዱ አልባ የምትባል ትንሽ ከተማ ታገኛላችሁ። የአካባቢው እምብርት እሷ ናት። ታናሮ ወንዝ በአጠገቧ ያልፋል። በአልባ በኩል ያሉት ኮረብታዎች ላንጌ ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሮኤሮ ይባላሉ።

ለጊዜው ሦስት አቅጣጫ ይበቃል። ከአልባ በስተደቡብ ምዕራብ የባሮሎ መንደሮች አሉ። በስተምሥራቅ የባርባሬስኮ መንደሮች አሉ። ወደ ደቡብ ራቅ ሲባል ዶልያኒ አለ፤ እሱ የዶልቼቶ አገር ነው።

እነዚህ ኮረብታዎች ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የባሕር ወለል ነበሩ። አፈሩ ኖራ የተቀላቀለበት ሸክላ ነው፤ አንዳንድ ቦታ አሸዋ ይበዛበታል። በ2014 ዩኔስኮ የላንጌን፣ የሮኤሮንና የሞንፌራቶን የወይን ኮረብታዎች በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

አካባቢው ዛሬ ሀብታም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ድሃ ነበር፤ ወጣቱ መሬቱን ጥሎ ቶሪኖ ወዳለው የፊያት ፋብሪካ ይሄድ ነበር። አልባ ላይ የተቋቋመው ፌሬሮ፣ ኑቴላን የሚሠራው ድርጅት፣ ሠራተኞቹን ከየመንደሩ በአውቶቡስ ያመላልስ ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤተሰብ ፋብሪካ እየሠራም ከእርሻው ሳይነቀል ቆየ። ዛሬም ጠርሙሱ ላይ የምታዩት ስም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ስም ነው።

2. በዶልቼቶ ጀምሩ፣ ባርቤራን አስከትሉ

ላንጌ ውስጥ ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው ምርጥ ቁልቁለት የሚሰጠው ኔቢዮሎ ለሚባለው ወይን ነው። ኔቢዮሎ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚለቀመው ጥቅምት ውስጥ ነው። ዶልቼቶ ከእሱ ሳምንታት ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ቀዝቀዝ ያለውና ከፍ ያለው ቦታ ይደርሰዋል።

ዶልቼቶ ጣፋጭ ወይን አይደለም። እንደ አክሱሚት ያለ ጣፋጭ ወይን የለመደ ሰው ይህን ቀድሞ ይወቅ። ደረቅ ቀይ ወይን ነው። ቀለሙ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ነው። የቼሪ ፍሬ ይሸታል፤ መጨረሻው ላይ የአልሞንድ ለውዝ ዓይነት ትንሽ ምሬት ይተዋል። ኮምጣጣነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ለአፍ ለስላሳ ነው። ከዶልያኒ ወይም ከዲያኖ ዳልባ የመጣ ፈልጉ፤ እነዚያ መንደሮች ለዶልቼቶ ጥሩውን መሬት አይነፍጉትም። ከተለቀመ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ጠጡት። ትንሽ ቀዝቀዝ ይበል፤ 15 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው።

በሌላ ቀን ባርቤራ ዳልባ ክፈቱ። ባርቤራ የዶልቼቶ ተቃራኒ ነው። ኮምጣጣነቱ ከፍተኛ ነው፤ አፍ የሚያደርቀው ነገር ግን በጣም ትንሽ ነው። ምራቅ ያስመጣል። ለዚህም ነው ቅባት ካለው ምግብ ጋር የሚስማማው።

ሁለቱን በአንድ ማዕድ ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል፤ እንዲያውም እመክራለሁ። ደብተራችሁ ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ መልሱ። ምራቅ ያስመጣው የትኛው ነው? ድድ የያዘው የትኛው ነው? ይህን መለየት ከቻላችሁ ለኔቢዮሎ ዝግጁ ናችሁ።

3. ላንጌ ኔቢዮሎ

አሁንም ባሮሎ አትግዙ። «ላንጌ ኔቢዮሎ» የሚል ጠርሙስ ግዙ። ከባሮሎ ጋር አንድ ዓይነት ፍሬ ነው፣ ቢያንስ 85 በመቶው። ብዙ ጊዜ የሚሠሩትም ያው የባሮሎ ሠሪዎች ናቸው። ቶሎ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ዋጋውም በጣም ያነሰ ነው።

ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፤ በውስጡ ያለፈ ጽሑፍ ሊነበብ ይችላል። ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል። ብዙ ሰው ቀለሙ የሳሳ ወይን ጉልበት የለውም ብሎ ያስባል። ከዚያ ሲጎነጭ ይደነግጣል። አፍ የሚያደርቀው ታኒን ነው፤ ቅጠል በዝቶበት ብዙ ከቆየና ስኳር ካልገባበት ሻይ የሚገኘው ዓይነት ስሜት። ኔቢዮሎ ታኒኑም ኮምጣጣነቱም ከፍተኛ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ወይን ብዙ የለም። ዕድሜ የሚሰጠውም ይኸው ነው።

ሽታው ላይ ጊዜ ውሰዱ። ጽጌረዳ፣ ቼሪ፣ ሲቆይ ደግሞ ሬንጅና ደረቅ ቅጠል። ሬንጅ ስል አትሳቁብኝ፤ ሽታው ደስ ይላል፣ ከጽጌረዳው ጋር ሲመጣ ደግሞ በሌላ ወይን የማይገኝ ነገር ነው።

4. ጠርሙሱን ማንበብ

ባሮሎና ባርባሬስኮ ሁለቱም መቶ በመቶ ኔቢዮሎ ናቸው። ልዩነቱ ቦታውና የቆይታው ጊዜ ነው። ባሮሎ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ 38 ወር ይቆያል፤ ከዚህ ውስጥ 18ቱ በእንጨት በርሜል ነው። ባርባሬስኮ 26 ወር፣ ዘጠኙ በእንጨት። «ሪዘርቫ» የሚል ካለበት ባሮሎ 62፣ ባርባሬስኮ 50 ወር ደርሷል ማለት ነው።

ባሮሎ የሚሠራው በ11 መንደሮች ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ደንቡ ወደ ሰሜን የዞረ ቁልቁለት ላይ የተተከለውን አይቀበልም። ከ2010 የምርት ዘመን ጀምሮ ጠርሙስ ላይ የሚጻፉት የተለዩ የቦታ ስሞች በሕግ ተወስነዋል። ለባሮሎ 181 ናቸው፤ 11ዱ የመንደሮቹ ስሞች ናቸው፣ የቀሩት 170 የየኮረብታው ስሞች። በባርባሬስኮ 66 ናቸው። ስሞቹን ሁሉ ማጥናት አያስፈልግም። ከታች ያሉት ይበቃሉ።

ጠርሙሱ ላይ «ብሪኮ» ካያችሁ የኮረብታ አናት ነው። «ሶሪ» ፀሐይ የምትመታው ጎን ነው። «ባሮሎ ኪናቶ» ካያችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ እሱ ኪና በሚባለው መራራ የዛፍ ቅርፊትና በቅመማ ቅመም የተዘፈዘፈ ጣፋጭ መጠጥ ነው። ከምግብ በኋላ በትንሽ ብርጭቆ ይጠጣል። ድንቅ ነገር ነው፣ ነገር ግን ባሮሎ መስሏችሁ ለእራት እንዳትከፍቱት።

የምርት ዘመኑንም እዩ። 2010 እና 2016 ታላላቅ ዓመታት ናቸው፤ ለማስቀመጥ ግዙ። 2014 ዝናብ የበዛበት ነበር፣ 2017 ሞቃትና ደረቅ። ቶሎ ለመጠጣት 2018ን እመርጣለሁ፤ ቀለል ያለ ነው።

5. ሁለት ኮረብታ ጎን ለጎን

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው። ገንዘባችሁን ለዚህ ቆጥቡ።

ሁለት ባሮሎ ግዙ። አንዱ ከላ ሞራ፣ ሌላው ከሴራሉንጋ ዳልባ። የምርት ዘመናቸው አንድ ይሁን። አንድ ሠሪ የሠራቸውን ማግኘት ከቻላችሁ በጣም ጥሩ ነው፤ ያኔ የእጅ ልዩነት ወጥቶ የሚቀረው የመሬቱ ልዩነት ብቻ ይሆናል። ወጪውን አራት ሰው ቢካፈለው አይከብድም።

ላ ሞራ በምዕራብ በኩል ነው። አፈሩ በዕድሜ ወጣት፣ ሰማያዊ ግራጫ፣ ሸክላ የበዛበት ነው። ወይኑ ቶሎ ይከፈታል። አበባው ቀድሞ ይመጣል። ታኒኑ ቢኖርም ለስላሳ ነው። ብሩናቴ፣ ቼሬኩዮ፣ ሮኬ ዴላኑንዚያታ የሚሉት የዚህ ሰፈር ስሞች ናቸው፤ ብሩናቴ ከባሮሎ መንደር ጋር ይጋራል።

ሴራሉንጋ በምሥራቅ ነው። አፈሩ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ነጣ ያለ፣ ኖራውና የአሸዋ ድንጋዩ የበዛበት ነው። ወይኑ መጀመሪያ ዝግ ነው። ታኒኑ አጥንት አለው። ቪኛ ሪዮንዳ፣ ላዛሪቶ፣ ፍራንቻ ከዚህ ናቸው። የሴራሉንጋን ባሮሎ አሥር ዓመት ሳይሞላው የከፈተ ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያገኘው ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱን ቅዱና መጀመሪያ አሽቱ እንጂ አትጠጡ። ጻፉ። ከዚያ ቅመሱ፣ ጻፉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱበት። ከሁለት ሰዓት በኋላም። ላ ሞራ መጀመሪያ ያሸንፋል፤ ሲመሽ ሴራሉንጋ ይነሳል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ሁልጊዜ ባይሆንም። በሁለቱ መንደሮች መካከል ያለው ርቀት በመኪና አጭር ነው፤ ፍሬው አንድ ነው፤ ሕጉ አንድ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ግን ሁለት ባሕርይ ነው። ለዚህ ነው ላንጌን የምወደው።

ከዚያ በኋላ መቀጠል ለሚፈልግ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በሁለቱ መካከል ያለውን ማየት ነው። ባሮሎ መንደር ውስጥ ካኑቢ የሚባል ኮረብታ አለ፤ ሁለቱ የአፈር ዓይነቶች የሚገናኙበት ነው፣ ወይኑም ከሁለቱም ወስዷል። ቬርዱኖ ላይ ሞንቪልዬሮ አለ፤ ቀጭን፣ መዓዛው የበረታ፣ ቁንዶ በርበሬ ቢጤ የሚሸት።

ሁለተኛው መንገድ ባርባሬስኮ ነው። እዚያ «ፕሮዱቶሪ ዴል ባርባሬስኮ» የሚባል የገበሬዎች ማኅበር አለ። በ1958 ያቋቋመው የመንደሩ ቄስ ነው፤ ገበሬው ፍሬውን በርካሽ እየሸጠ መንደሩ ባዶ ሊቀር ሲል። ማኅበሩ በጥሩ ዓመታት የዘጠኝ ኮረብታዎችን ወይን ለየብቻ በጠርሙስ ያወጣል፤ አሠራሩ ለሁሉም አንድ ነው። ከእነዚህ ሁለቱን፣ ለምሳሌ አዚሊንና ሞንቴስቴፋኖን፣ ገዝቶ ማወዳደር በትንሽ ገንዘብ የሚገኝ ትልቅ ትምህርት ነው። አዚሊ ረቂቅ ነው፣ ሞንቴስቴፋኖ ጡንቻ አለው።

6. ስለ በርሜሉ ጉዳይ

ሁለት ባሮሎ ስታወዳድሩ አንደኛው ቫኒላና የተጠበሰ ነገር ከሸተተ የመሬቱ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። የበርሜሉ ነው። ድሮ ባሮሎ የሚቆየው በሺዎች የሚቆጠር ሊትር በሚይዝ ትልቅ አሮጌ በርሜል ነበር። በ1980ዎቹ ወጣቶቹ 225 ሊትር የሚይዘውን አዲስ የፈረንሳይ በርሜል አመጡ፤ ፍሬው ከቆዳው ጋር የሚቆይበትንም ጊዜ አሳጠሩ። ወይኑ ቶሎ የሚጠጣና ለስላሳ ሆነ። ጠቡ ቤተሰብ ድረስ ገባ። የላ ሞራው ኤሊዮ አልታሬ የአባቱን አሮጌ በርሜሎች በመጋዝ ቆራረጣቸው፤ አባቱም ከውርስ ነቀለው። በሌላው ወገን ባርቶሎ ማስካሬሎ አዲሱን በርሜል የሚቃወም ጽሑፍ በጠርሙሶቹ መለያ ላይ በእጁ ይጽፍ ነበር።

ዛሬ ጠቡ በርዷል፤ ብዙዎች መሃል ላይ ተገናኝተዋል። ለዚህ ትምህርት ግን በትልቅ በርሜል የቆየውን ምረጡ። ኮረብታው በግልጽ የሚሰማው በእሱ ነው። ሻጩን ጠይቁ፤ ደህና ሻጭ ያውቀዋል።

7. አከፋፈት

ባሮሎ ከመከሩ ስምንት አሥር ዓመት ቢሆነው ይመረጣል። ከመክፈታችሁ አንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን አቁሙት፤ ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል። ወጣት ከሆነ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ክፈቱና ወደ ሰፊ ማሰሮ ወይም የመስታወት ጆግ ገልብጡት። ቡሹን ነቅሎ መተው ብቻውን ብዙ አይጠቅምም፤ የጠርሙሱ አንገት ጠባብ ስለሆነ አየር አይገባውም። ሃያ ዓመት ያለፈው ከሆነ ግን አታንገላቱት። ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ ዝቃጩ ሲመጣ አቁሙ።

ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይሁን። «በክፍሉ ሙቀት» የሚባለው ምክር ለሞቃት ቤት አይሠራም። ዱባይ ወይም ዶሃ ለምትኖሩ፣ ወይም በበጋ ሮም ላላችሁ፣ ጠርሙሱ ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ። የሞቀ ባሮሎ አልኮሉ ብቻ ነው የሚሸተው። ብርጭቆው ትልቅ ሆዳም ይሁን፤ ሲሶውን ብቻ ሙሉት።

8. ከምን ጋር ይበላል?

እዚያ አገር የሚበላው ታያሪን ነው፤ በብዙ የእንቁላል አስኳል የተቦካ ቀጭን ፓስታ። በመከር ላይ ነጭ ትሩፍል፣ ከመሬት ሥር የሚወጣ ውድ የእንጉዳይ ዓይነት፣ ይፈተግበታል። በባሮሎ ውስጥ ለሰዓታት የበሰለ የበሬ ሥጋም አለ፣ ብራዛቶ የሚሉት።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን ሌላ ነው። ፒየሞንቴዎች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ። የጥጃ ሥጋ በቢላ ደቀቅ ተደርጎ ይከተፍና በወይራ ዘይት፣ በጨውና በትንሽ ሎሚ ይቀርባል። ቁርጥና ክትፎ ያደገበት ሰው ገበታው ላይ እንግዳ አይሆንም። ከዚህ ጋር ዶልቼቶ ወይም ወጣት ኔቢዮሎ ይሄዳል። ክትፎ ላይ ሚጥሚጣ ካለ ግን ዶልቼቶውን ቀዝቀዝ አድርጉት፣ ኔቢዮሎን ተዉት። በርበሬና ታኒን አይዋደዱም፤ አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል።

ዶሮ ወጥ ካለ ባርቤራ ምረጡ፤ ኮምጣጣነቱ ቅቤውን ይቆርጠዋል። አልኮሉ ዝቅ ያለውን ፈልጉ፣ ከፍተኛ አልኮል ማቃጠሉን ይጨምራል። ባሮሎን ከበርበሬ አርቁት። ቃሪያ ካልበዛበት የበግ ጥብስ ወይም ከቆየ አይብ ጋር ይሁን። ለማጣጣሚያ ሞስካቶ ዳስቲ አለ፤ ጣፋጭ፣ ትንሽ የሚፍለቀለቅ፣ አልኮሉ 5 በመቶ አካባቢ። ከአካባቢው የሐዘልነት ኬክ ጋር ይቀርባል።

9. መሄድ ከቻላችሁ

ከቶሪኖ አልባ በባቡር ይደረሳል። አልባ ላይ እደሩ። ወደ መንደሮቹ የሚሄድ አውቶቡስ ጥቂት ስለሆነ መኪና ያስፈልጋል፤ ሹፌር መከራየት ይሻላል። የጣሊያን ሕግ ለሹፌር የሚፈቅደው የደም አልኮል 0.5 ግራም በሊትር ብቻ ነው። መንጃ ፈቃድ ካገኘ ሦስት ዓመት ላልሞላው ዜሮ ነው።

ጥቅምትና ኅዳር የትሩፍል ትርኢት ጊዜ ነው። መልክዓ ምድሩ በጭጋግ ያምራል፣ ነገር ግን ሰው ይበዛል፣ አልጋም ይወደዳል፤ ወይን ሠሪውም ለቀማ ላይ ነው። ወሬ የምትፈልጉ ከሆነ ግንቦትና ሰኔ ይሻላል።

የቤተሰብ ጓዳዎች ያለ ቀጠሮ አያስገቡም። ከሳምንታት በፊት ጻፉላቸው። በቀን ከሁለት ቤት በላይ አትያዙ፤ አንድ ቤት ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስተናግዳችሁ ራሱ ገበሬው ነው። የቀመሱትን መትፋት እዚያ ነውር አይደለም፤ መትፊያው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ስትወጡ አንድ ሁለት ጠርሙስ መግዛት ጨዋነት ነው።

ቀጠሮ ያላገኛችሁበት ቀን ባርባሬስኮ ሂዱ። የመንደሩ የወይን ቤት ያለው ሳን ዶናቶ በሚባል የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ የብዙ ሠሪዎችን በብርጭቆ መቅመስ ይቻላል። ባሮሎ ላይም ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የወይን ሙዚየም አለ። ከሁሉ በፊት ግን ላ ሞራ አናት ላይ ወዳለው አደባባይ ውጡ። ሴራሉንጋ፣ ካስቲልዮኔ ፋሌቶ፣ ባሮሎ ከፊት ለፊት ይታያሉ። ሁለቱን ጠርሙስ ቀምሶ የመጣ ሰው ይህን እይታ ያነበዋል።

10. ማጓጓዝና ማስቀመጥ

ጠርሙሶቹ ከእጅ ሻንጣ ጋር አይገቡም። በልብስ ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ መሃል አስገቡ። የምትገቡበትን አገር የጉምሩክ መጠን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ኩዌት የምትመለሱ ከሆነ አትያዙ፤ አልኮል ይዞ መግባት ክልክል ነው።

ቤት ስትደርሱ ጠርሙሱን አስተኙት፤ ቡሹ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ። ቦታው ጨለማ፣ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ፣ ሙቀቱ የማይዋዥቅ ይሁን። ከምድጃና ከፍሪጅ አናት አርቁት። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌላችሁ ባሮሎን ለዓመታት ለማቆየት አትሞክሩ፤ ዕድሜው የደረሰውን ከጥሩ ሻጭ ግዙና በዚያው ሰሞን ክፈቱት። ከጉዞ የመጣውን ጠርሙስ ግን ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ሳምንት አሳርፉት።